ጨው ጨምሪ

መሪጌታ ሣህሉ አርባ ዓመት ሙሉ ዘጌ ላይ አቋቋም፣ በመቋሚያ ምት የሚዜመውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ እጃቸውን ያንቀጠቅጠዋል፤ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ እግራቸው ከመሬት ጋር እንደተሰፋ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ ማክሰኞና ዓርብ በጀልባ ባሕር ዳር ተሻግረው ሐይቁ ዳር ካለች የማገገሚያ ክሊኒክ ይመጣሉ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ማህሌት መጀመሪያ ሰሞን ስልኳ ላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ከፍታ «በዚህ ምት ይራመዱ» ብላቸው ነበር። «ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ነው የሚመስል» አሉና በመቋሚያቸው ወለሉን መታ እያደረጉ፣ የራሳቸውን ዜማ እያንጎራጎሩ በሩን አለፉት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አብረው የሚለማመዱትን ታካሚዎች ቡድን የሚመሩት እሳቸው ሆኑ።

ከቡድኑ አንዱ ክንዱ የሚባል ሰው ነው፤ የፋብሪካ መካኒክ የነበረ። ስትሮክ ከመታው ሰባት ወሩ። የሚሉት ሁሉ ይገባዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል ግን «እሺ» ብቻ ነው። ሲናደድም «እሺ!» ይላል።

«የኔታ፣ መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ በዜማ ቃል ይወጣለታል» አለች ማህሌት፤ «ይህችን ያለማምዱልኝ።» የሰጠቻቸው ወረቀት «ውሃ እፈልጋለሁ» ይላል።

መሪጌታ ክንዱን አስከትለው ክሊኒኩ ግቢ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጡ። «ውሃ» ባሉት ቁጥር ፊቱን ያዞርባቸዋል።

«እውነትህን ነው፤ ጣና አጠገብ ተቀምጦ ውሃ የሚለምን ማን አለ? እስቲ የሚያምርህ ምንድን ነው?»

ክንዱ ወደ ምሳ ዕቃው አመለከተና ፊቱን አጨፈገገ። ሚስቱ እናትዓለም፣ ሐኪም ካዘዘ ወዲህ ጨው የሚባል ነገር ከቤት አስወጥታለች። መሪጌታ ገባቸው። ለወጥ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ አልነካም ብለው አንዲት አጭር ዜማ ከራሳቸው ፈጠሩና ሦስት ሳምንት አስጠኑት። ማህሌት «እንዴት ነው?» ስትላቸው «እየመጣ ነው» ይሏታል። አልዋሹም።

በአራተኛው ዓርብ እናትዓለምም መጣች። ክንዱ በደኅናው እጁ ጉልበቱን መታ፤ ዐይኑን ጨፈነ።

«እናት... ዓለም...»

ስሟን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጨው... ጨምሪ!»

እናትዓለም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ምን አልህ? ሰባት ወር ዝም ብለህ ከርመህ፣ ጨው?» አለች፤ በእንባዋ መሀል እየሳቀች።

ማህሌት ወደ መሪጌታ ዞረች። «የኔታ! ውሃ ነበር እኮ ያልሁዎ!»

«አላማረውም። ያላማረውን እንዴት ብሎ ያዚመው?»

«ጨውማ የለም፤ ሐኪሙ ከልክሏል!» አለች እናትዓለም።

ክንዱ አላዜመም፤ ጉልበቱንም አልመታም። ግንባሩ እስኪያልበው ታገለና፣ «ት... ትንሽ» አለ።

ይህን ቃል ማንም አላስጠናውም። ሲስቁ የነበሩት መሪጌታ ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ጨው አልተፈቀደለትም። ማህሌት ሐኪሙን ጠይቃ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አስፈቀደችለት። ዛሬ ዛሬ ቃል መርጣ ወረቀት ላይ መጻፉን ትታዋለች፤ አዲስ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንዳማረው ነው።