የአባቴ ግራ ጉልበት

ለክሊኒኩ አዲስ አምቡላንስ ሊመረጥ ስብሰባ ተጠራን። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት የክሊኒኩ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል፤ እኔ ደግሞ መኪኖቹን የምጠግን መካኒክ ነኝ። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት መኪኖች አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክሩ ናቸው፤ አንዱ ግን አውቶማቲክ፣ ሌላው ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የሚረገጥበት ማኑዋል ነው።

«አውቶማቲኩ ይሻላል» አልኩ። «ጭቃ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ኃይል አይቋረጥም። ማኑዋል ላይ ግን ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ጎማው ቆንጥጦ የያዘውን መሬት ይለቃል።»

አባቴ ሳቀ። «መካኒኳ መንገድ የምታውቀው መኪና ሥር ተኝታ ነው!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። «እርጥብ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ዝቅ ባለ ማርሽ በሞተር ይዤ ነው የማወርደው። ማርሽ የምመርጠው እኔ እንጂ መኪናው አይደለም።»

ያለው ሐሰት አልነበረም። ጥሩ ሾፌር እጅ ከገባ ማኑዋል የሚታማ መኪና አይደለም።

የክሊኒኩ ኃላፊ የሆኑት ሐኪም ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላ ምክንያት አለሽ?»

ነበረኝ። የአባቴ ግራ ጉልበት ማበጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በዚያው እግር ነው። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ይለምን ነበር፤ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም።

«የለኝም» አልኩ።

ማኑዋሉ ተገዛ።

ዝናቡ በጠና በሦስተኛው ሳምንት አባቴና የክሊኒኩ ነርስ ምጥ የጠናባት ሴት ሊያመጡ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አምቡላንሱ ዳገት መሃል ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦይ ገብቷል። ወላዷን የአካባቢው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ክሊኒክ አደረሷት፤ በሰላም ተገላገለች። የነርሷ ቀኝ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

በማግስቱ ሐኪሙ መኪናውን መርምሬ ሪፖርት እንድጽፍ አዘዙኝ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አላለቀም። አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ማርሽ ገብቷል። ፍሬኑ ይይዛል፤ ፍሪሲዮኑም ደህና ነው።

ቤት ስገባ አባቴ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም።»

«ጎማው ነው ብለሽ ጻፊ።»

«ጎማውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

እግሩን ከወንበሩ አወረደ። «ዳገቱ ለሁለተኛ ማርሽ ከበደው» አለ። «ወደ አንደኛ ልመልስ ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ጉልበቴ ከዳኝ። ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ብይዝም ጭቃው አላቆመኝም። ልጄ፣ መሪ ከነጠቁኝ ምን ልሆን ነው?»



ሪፖርቱን እንደሆነው ጻፍኩት። የጉልበቱን ነገር፣ ከሱ ሥር ደግሞ እኔ እያወቅኩ ዝም ማለቴን። አባቴን ከሾፌርነት አንስተው ዕቃ ክፍል መደቡት፤ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ገበታ እየበላን ጨው አቀብዪኝ እንኳ አላለኝም።

ነርሷን ልጠይቃት የሄድኩት ዘግይቼ ነው፤ ፊቷን ማየት ፈርቼ። ጀሶው ተፈትቶላታል፤ ጣቶቿ ግን ብርጭቆ አይጨብጡም።

«ጋሼን አልተቀየምኩም» አለችኝ። «ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈራ። አንቺ ግን ምን ፈርተሽ ነው?»

«ሰው ፊት እሱን ማዋረድ።»

«ከጎኑ የምቀመጠው እኮ እኔ ነበርኩ» አለች።

እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ ጎራ እላለሁ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፍኩ እዘረጋላታለሁ። አራቱ መታዘዝ ጀምረዋል። አውራ ጣቷ እስካሁን እንደደረቀ ነው።