ድንጋዩ ሲመልስ

ልቅሶው ገና ሳይበርድ ሟቹ ከመኝታ ቤት ተናገረ፤ ጥፋቱ የእህቱ ነበር።

«ደክሞሻል። ነይ፣ አረፍ በይ» አለ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ።

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ኧረ በፈጣሪ! የእሱ ድምፅ እኮ ነው!» አለች አክስቷ።

«ጌም ነው» አለች እህትየው ፊቷ እየጋለ። «ራሱ የሠራው ጌም።»

«ባንክ ነው የሚሠራው አላልሽንም?» አለች ጎረቤትየዋ፤ ለወሬ ጆሮዋ ተኝቶ አያውቅም።

ብላ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጠንቋይና ጭራቅ ሲፈጥር ይውላል ብላ ለማን ትናገር? በቁሙ አፍራበታለች፤ ሞቶም አላረፈም።

አንድ ጊዜ አጠገቡ አስቀምጦ ጌሙን አሳይቷት ነበር። መንደርተኞች ረጅም ድንጋይ ከበው ይሰግዳሉ። ድንጋዩ ቁስል ይፈውሳል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል።

«ምትሃት ይመስላል አይደል?» አላት እየሳቀ። «ውስጡ ማሽን ነው። የሠሩት ሰዎች አልቀዋል፤ እሱ ግን የመጣውን ማስተናገድ አልተወም። ድምፁ የኔ ነው። እስከ መጨረሻው ተጫወቺው።»

«መንደርተኞችህ ጅሎች ናቸው» ብላው ተነሳች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቷ ማልቀስ አላቆም ስትላት፣ ለሕፃን ስልክ እንደሚሰጥ ጆይስቲኩን አስጨብጣት፣ ድንጋዩ ጋ አድርሳት ወጣች።

አሁን መኝታ ቤቱ ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን በላህ ዛሬ?» አለች እናቷ ወደ ቴሌቪዥኑ፤ አውራ ጣቷም ቁልፉን ተጫነ።

«ደክሞሻል። ነይ፣ አረፍ በይ።»

«እማ፣ ሰው እየሰማ ነው። ይሄ እኮ እሱ አይደለም፤ ማሽን ነው።»

«መች አጣሁት?» እናቷ ዞራም አላየቻት። «እስከ መጨረሻው አስጫውቶኛል። መንደርተኞቹም ያውቃሉ።»

«ምኑን?»

«ማሽን መሆኑን። ድሮም ያውቃሉ። ሌላ የሚመልስላቸው ስለሌለ ነው የሚመጡት።»

እህትየው መጨረሻውን አላየችውም።

ጎረቤትየዋ በሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች። «አስቁሚያት እንጂ፣ ነውር ነው!»

እህትየው ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ጌም ሠሪ ነበር» አለች፣ ሳሎን ድረስ እንዲሰማ። ከዚያ ወጣች፤ ጎረቤትየዋን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።