የመምህርቷ ፊት

ወንድምየው ፀጉር አስተካካይ ነው። የታላቅ እህቱን ፀጉር ሲከረክም ጣቱ ከግራ ጆሮዋ ሥር አንድ ጠጣር ነገር ላይ አረፈ።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ንፍፊት ነው። ሐኪም አይቶት መድኃኒት ሰጥቶኛል።»

«መቼ?»

«አምና።»

መቀሱን አስቀመጠ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ እየጎተተ ሆስፒታል ወሰዳት።

በመርፌ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ «ጉዳት የሌለው ይመስላል» ይላል። ወንድሟ እፎይ አለ። ቀዶ ሐኪሟ ግን ወረቀቱን አስቀምጣ የእህትየዋን ጉንጭ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ጉንጭዎን ይደነዝዝዎታል?»

«አልፎ አልፎ። ጥርሴ መስሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው ይሄን ወረቀት አላምነውም። እብጠቱ ያለው የምራቅ ዕጢ ላይ ነው፤ እዚያ የሚወጣ ካንሰር እምብዛም ስለማይገኝ ያሳስታል። ናሙናውን ሌላ ባለሙያ ይየው።»

አሥራ ሁለት ቀን ጠበቁ። እህትየው ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሳለች። ወንድሟም ጺሙን በትንሹ ሊያስተካክል የመጣን ደንበኛ ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ሰውየው መስታወቱን ትክ ብሎ አየና «አሁን ሚስቴ በር ትከፍትልኛለች?» አለ። አንዳቸውም አልሳቁም።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ግን በነርቭ ላይ እየተሳበ የሚሄድ ዓይነት።

«የፊት ነርቭ በምራቅ ዕጢው መሃል ነው የሚያልፈው» አለች ሐኪሟ። «ካንሰሩ ካልነካው አተርፈዋለሁ። ከነካው ግን እቆርጠዋለሁ፤ ያኔ የፊትዎ ግራ ጎን አይንቀሳቀስም። አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

እህትየው መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህርት ናት።

«በምልክት ሳስተምር እጄ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው» አለች። «ጥያቄው፣ ቁጣው፣ ቀልዱ ያለው ፊቴ ላይ ነው። ፊቴ ከሞተ ልጆቹ ምኔን ያነባሉ?»

«አንቺ ራስሽ ከሌለሽስ?» አለ ወንድሟ።

የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ወረቀት ፈረመች።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ስትነቃ ሐኪሟ አጠገቧ ቆማ «ቅንድብዎን ያንሱ» አለቻት። ተነሳ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» እየተንቀረፈፈ ተከደነ። «ጥርስዎን ያሳዩኝ።» የከንፈሯ ግራ ጥግ ንቅንቅ አላለም። ከነርቩ ቅርንጫፎች አንዱን ካንሰሩ ይዞት ስለነበር ተቆርጧል።

ስድስት ሳምንት የጨረር ሕክምና ተከተለ። አፏ ኩበት ሆኖ፣ የውሃ ጠርሙስ ከእጇ ሳይለይ ወደ መማሪያ ክፍሏ ተመለሰች። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ አተኩራ አየቻትና በምልክት «ለምንድን ነው በግማሽ የሚስቁት?» ስትል ጠየቀቻት።

«ታምሜ ነበር። ግማሹን ሐኪሞች ወሰዱት።»

ልጅቷ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው ሁለት ሁለት ጊዜ ይሳቁ» አለቻት።

አሁን በየሦስት ወሩ ትመረመራለች። በሽታው ከዓመታት በኋላም ሊመለስ እንደሚችል ስለተነገራት «ዳንኩ» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ቀጠሮው ሲቃረብ እንቅልፍ ባይኗ አይዞርም። እስካሁን አምስቴ ንጹህ ነሽ ተብላለች። ስድስተኛው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ወንድሟ የዕለቱን ደንበኞች በሙሉ ወደ ረቡዕ አዛውሯል።