ካዝናው፣ ፈረሱና የልብስ ገመዴ

ቀይዋን የልብስ መቆንጠጫ ያየኋት ቃሌን ሰጥቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

«ከቤቴ የጎደለ ዕቃ የለም፤ ልጄም ምንም ይዞ አልወጣም» ብዬ ነበር ለቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ። ወዲያው የአብዮት ጥበቃው ጓድ ጉልላት ካዝናው የታሰረበትን ገመድ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። መቆንጠጫዬ ከጫፉ ተንጠልጥላለች።

ልጄ ሙሴ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብየዳ ቤት ይሠራል። ባለፈው ሐሙስ ከጓደኛው ከባለጋሪው ካሳሁን ጋር የሕብረት ሱቁን ካዝና ሊሰርቁ ሞክረዋል ተብለው ነው የተከሰሱት። ገንዘብ ፈልገው አልነበረም። የሱቁ ሠራተኛ ጋሽ ሙህዲን ስኳር ካዝናው ውስጥ ይደብቃል ተብሎ በሰፈሩ ይወራል። የሙሴና የጽጌሬዳ ሠርግ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠጅ አይቀምሱም፤ ሻይ ካገኙ ግን ማንቆርቆሪያም በርሜልም አይበቃቸውም። በራሽን ስኳር ማንን ታጠጣለህ?

ጉልላት ግን «ይህ ተራ ሌብነት አይደለም፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥር ከተባለ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ልጅ ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ መርዶ ተቀብዬ፣ ድንኳን ተክዬ፣ ለለቀስተኛ ወንበር ተውሼ ጨርሻለሁ።

«እንዴት ተያዛችሁ?» አለ ሰብሳቢው ጓድ ሸዋንግዛው።

«አልተያዝንም» አለ ካሳሁን። «ፈረሱ ነው ያደረሰን።»

ፈረሱን የገዛው ከፖሊስ ጣቢያ በጨረታ ነው። እዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ በበርሜል ሲያመላልስ ኖሯል። ሰው ሲጫን ወደ ፒያሳም ወደ ሐይቁም በተባለበት ይሄዳል። ከባድ ዕቃ ሲጫንበት ግን ውሃ ይመስለዋል።

«ልጓሙን ብጎትት፣ ብለምነው፣ እምቢ! ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አሽካካ።»

«ለምን?»

«ፉርሽካውን ፈልጎ ነዋ! ዘቡም ሰጠው። ከሰጠው በኋላ ነው እኛን ያየን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

«ካዝናውን እዚያው ለምን አልከፈታችሁትም?»

«ብየዳ ቤት ወስጄ ልቆርጠው ነበር» አለ ሙሴ አንገቱን ደፍቶ።

ጋሽ ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱስ... አይቆለፍም። ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው።» ለማስረጃ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ካዝና ሄዶ እጀታውን ሳብ ቢያደርገው ተከፈተ። ውስጡ የሐሙስ ምሳ ዕቃው ብቻ ተቀምጧል። ክዳኑን ሲያነሳው የፊት ረድፉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቀልዱ ይቁም!» አለ ጉልላት። «እንዲህ ያለ ገመድ ከመንግሥት መጋዘን በቀር የት ይገኛል? ከጀርባቸው መጋዘን የሚዘርፍ ቡድን አለ! ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፍ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ዝም ካልኩ ልጄ የቡድን አባል ነው። ከተናገርኩ እሱ ሌባ፣ እኔ ሐሰተኛ ምስክር፤ ሁለታችንም ስንታሰር ዶሮዎቼን ማን ያበላል? እግሬ ግን ሳያማክረኝ ተነሳ።

«የእኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ገመዱ። የልብስ ማስጫዬ ነው። ዋሽቼ አይደለም፤ ሰሞኑን ዝናብ ስለሆነ ልብስ አላጠብኩም፤ መጥፋቱን አላወቅኩም።»

«በምን ይታወቃል ወይዘሮ ታቢታ?» አለ ጉልላት።

«መሃሉ ላይ ቋጠሮ አለው። አምና ባለቤትዎ ተውሰው የእርስዎን ብርድ ልብስ ሲያሰጡበት ነው የተበጠሰው። መቆንጠጫዎቹም ስድስት ነበሩ፤ ከቤትዎ የተመለሰችው ይቺ አንዷ ናት።»

ጉልላት ገመዱን በጣቶቹ እያሳለፈ መሃሉ ጋ ደረሰ። ቆመ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«እንግዲህ መጋዘንም የለም፣ ቡድንም የለም» አለ ሸዋንግዛው። «ያልተቆለፈ ካዝና በእናቱ የልብስ ገመድ አስሮ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የሄደ ሰው አሻጥረኛ ነው ብዬ ወደ ላይ ብጽፍ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። የስርቆት ሙከራ ነው፤ እዚሁ ያልቃል።»

ፍርዱ ተነበበ። ሁለቱም ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ለቀበሌው ውሃ ያመላልሳሉ። ሙሴ የካዝናውን ቁልፍ ይሠራል። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤቱ ይገባል፤ እናቱም በሩን ቆልፋ ቁልፉን ትይዛለች።

«በራችሁ ቁልፍ አለው?» አለኝ ሰብሳቢው።

«የለውም። በሽቦ ነው የምናስረው።»

«እሱንም ይግጠም።»

የዚያን ዕለት ለአሥራ ሁለት ሩብ ሲቀር ሙሴ አልመጣም። ሐይቅ ገብቶ፣ ጉማሬ ረግጦት፣ በጀልባ ሲፈልጉት ታየኝ። አምስት ጉዳይ ሲል ቁልፍና መሰርሰሪያ ይዞ ደረሰ።

«ጽጌሬዳ ሰማች?» አልኩት እየሰረሰረ ሳለ።

«ሰማች። ሻዩ ያለ ስኳር ይሁን፣ ግን ፈረሱ ሙሽራ እንዳያመጣ አለች።»

«ለምን?»

«ዕቃዬን ስጭንበት ጣቢያ ይወስደኛል ብላ ነዋ።»

የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው።

«እሳት ቢነሳስ? ቁልፉ ውስጥ ቢሰበርስ? ማታ ሆድህን ቢያምህስ?»

«እማዬ፣ ቆልፊው።»

አዞርኩት። እንደ ካዝናው እንዳይሆን እጀታውን ሳብ አደረግኩ፤ ደግሜ ሳብኩት። አልተከፈተም።