ዳማከሴ ያልረታው ቁስል

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ አዱኛን የሚያክል ሐኪም የለም፤ ራሱን አዱኛን ከጠየቃችሁት። ሥራው የብረት በር መበየድ ነው። ሰፈርተኛው አፌን አመመኝ ካለ ግን ብየዳውን ጥሎ ዳማከሴ ይጨምቃል። አንዴማ የጨመቀው ዳማከሴ ሬሳ አስነጥሶ ከሳጥን አስነስቷል ብሎ ይምላል። ሬሳው እስካሁን ለምስክርነት አልመጣም።

ልብስ ሰፊዋ ሀረገወይን ስትንቀው ለጉድ ነው። ምላሷ ጎን ላይ የወጣው ቁስል ግን ሁለት ወር ሞላው፤ ክር በምላሷ ባረጠበች ቁጥር ይደማል። አዱኛ "ምች ነው" ብሎ ጨመቀላት። እየናቀችውም ጠጣችው፤ ሰው ሲፈራ የናቀውንም ይሰማል።

ቢቸግራት ሐኪም ቤት ሄደች። ዶክተር ዙሃራ አፏን አይታ፣ "ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገ ይምጡና ከቁስሉ ትንሽ ቆርጠን እናስመርምር" አለቻት።

አዱኛ ይህን ሲሰማ ጮኸ። "እትዬ ሀረግ፣ እንዳያስነኩት! ካንሰር ብረት ከነካው እንደ ጉንዳን ይበተናል!"

"የሚበተነውስ አንተ የበየድከው በር ነው!"

እንዲህ ትበል እንጂ ፍርሃቱ ገባባት፤ ልትቀር ምንም አልቀራት። እሱን የማዋረድ ጉጉቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። በማግስቱ "ና እንግዲህ ሊቁ፣ ዶክተሯን ርታት!" ብላ እየጎተተች ወሰደችው።

"መቁረጡ አይበትነውም፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው" አለች ዶክተሯ። "አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል ሦስት ሳምንት ካለፈው መመርመር አለበት። የእርስዎ ቁስል የምላስዎ የፊተኛው ክፍል ላይ ስለሆነ በመስታወት ይታያል። ሌላው ዓይነት የአፍ ካንሰር ግን ከምላስ ሥር፣ ወደ ጉሮሮ ነው የሚበቅለው፤ መስታወት አያሳየውም። አንዳንዴ የሚታወቀው አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ ነው።"

የአዱኛ እጅ አንገቱ ላይ ወደጠመጠመው ሻርፕ ሄደ። ሀረገወይን አየችው። እጁ ሻርፑ ሥር ገብቶ አንገቱን ይዳብሳል።

"አውልቀው" አለችው።

አወለቀው። ከመንጋጋው በታች የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት አለ።

"መቼ ወጣ?" አለች ሀረገወይን።

"ከፋሲካ ወዲህ። ምች መስሎኝ..."

"ሬሳ አስነሺው! ለራስህስ ጠጣህ?"

"በየቀኑ" አለ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ሀረገወይን የመመርመሪያው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። "ዶክተር፣ እኔን ጨርሺና ቀጥሎ እሱን እዪው። እሸሻለሁ ካለ በክሬ አስረዋለሁ።"

ምላሷንም አወጣች፤ መጀመሪያ ለአዱኛ፣ ከዚያ ለሐኪሟ።