የቁራኛ እስር ቤት

ሐሜት አይደለም፤ ተናድጄ ነው የማወራው። ይሄይስና እኔ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አብረን እናስተምር ነበር። በሁለት ሺህ ዓ.ም. የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሰው እፈልጋለሁ አለ። ጨዋታው የነገሥታትና የጠንቋዮች ነው፤ ጀግናው መሀል ላይ ይታሰራል። ፈተናው ደግሞ ተጫዋቹ በምንም ዘዴ የማያመልጥበትን እስር ቤት ሠርቶ መላክ ነበር። የሚቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

መጀመሪያ ወፍራም ግድግዳ ሠራሁ። ይሄይስ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሞክር በሩብ ሰዓት ወጣ። ገደል አፋፍ ላይ ባደርገው ገመድ ፈትሎ ወረደ። ዘበኛ ባበዛ ሁሉንም ደለላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ እስር ቤት ነው ወይስ የገበያ በር?» እያለ ይስቅብኛል።

ቢቸግረኝ ጎረቤታችን አባ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ። በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ።

«አባ፣ ድሮ እስር ቤት በሌለበት አገር እስረኛ በምን ይያዝ ነበር?» አልኳቸው።

«በቁራኛ ነዋ! የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል። ችሎት እስኪደርሱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዘበኛ ያንቀላፋል፤ የተበደለ ሰው ግን አያንቀላፋም፣ ልጄ።»

«እስከዚያ ፈጽሞ አይፈታም?»

«በታቦት ከማለማ ይፈታል። የማለ ሰው ወዴት ይሄዳል? በእግሩ ችሎት ይቀርባል።»

እንዳሉት አድርጌ ሠራሁት። ግድግዳ የለም፣ ዘበኛ የለም፤ ሜዳ ላይ ኩታቸው የተቋጠረ ሁለት ሰዎች ናቸው። እስረኛው ሲሮጥ ከሳሹ አብሮት ይሮጣል። ቋጠሮውን ሊቆርጥ ቢሞክር ከሳሹ እሪ ይላል፣ አገሩ ወጥቶ ይከበዋል። ከማለ ግን ይፈታል፤ ይኼንንም እንደነገሩኝ አስገባሁት። ምሎ የሚከዳ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

ይሄይስ ሦስት ቀን ሞከረው። በሦስተኛው ቀን እጁን ከኪቦርዱ አነሳና «አበቃ! እንኳን ሰው፣ ጋኔንም አያመልጠው» አለ።

«እውነትህን ነው? ቀዳዳ ካየህ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ተጫዋቾቹ ካመለጡኝ ሥራው ቀረብኝ።»

«በጊዮርጊስ! ምንም አላየሁም።»

ሲዲ ላይ ገልብጬ ሰጠሁት። ፖስታ ቤት ወስዶ ያስገባውም እሱ ነው።

ከወር በኋላ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። «ሐሳብሽን ወደነው ነበር» አለ ሰውየው። «ግን ማልንና ወጣን፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብን። ይሄይስ የላከው ካንቺው ጋር አንድ ነው፤ እሱ ግን መሐላዋን አውጥቷታል። ስለዚህ እሱን ወስደናል።»

ይሄይስ የላከው? መላኩንም የሰማሁት ያኔ ነው።

ሥራ የቸገረው ሰው ብዙ ያደርጋል፤ ይኼን እረዳለሁ። ምናለ «ዓይናዲስ፣ እኔም እወዳደራለሁ» ቢለኝ? ቀዳዳዋን አይቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ማለልኝ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል በሌላ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ይሄይስ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የተሳፈረበት የወልድያው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ደረስኩበት። መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

«አይተኸው ነበር?»

«አዎ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጨዋታ ነው እኮ፣ ዓይናዲስ።»

«ለእኔ የማልክልኝም ጨዋታው ውስጥ ነው?»

ሞተሩ ሲነሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ የማስጠራው አንቺን ነው! በጊዮርጊስ!» አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «ስልክ ቁጥሬን ይዘኸዋል?» የሚል ነበር።