መዳመጫ ሰፈር ከተማ ሲሆን

የሶዶ ሰዎች «መዳመጫ» የሚሉት ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረውን የጥጥ ፋብሪካና በዙሪያው የተመሠረተውን የሠራተኞች መንደር ነበር። ከቤሌ በኩል በጭነት መኪና የሚመጣው ጥጥ እዚያ ፍሬው እየተለየ ይዳመጥ ነበር። መንደሩ የራሱ ገበያና የራሱ እድር ነበረው። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን ከተማው እየሰፋ መጣና በ1998 ዓ.ም. መዳመጫ በማዘጋጃ ቤቱ ክልል ገባ።

ፈጠነች በፋብሪካው ጥጥ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ባሏን ደገፉን የቀበረችው በጓሮዋ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ነው። ቀያሾች መጥተው አዲሱ መንገድ የሚያልፍበትን በችካል ሲለዩ፣ አንዱን ከደገፉ መቃብር ራስጌ ተከሉት። መቃብር ነው ብትላቸው ለቀበሌ አመልክቺ ብለዋት ሄዱ። በቀበሌው ስብሰባ የፋብሪካው የቀድሞ ዘበኛ ሻንቆ ተነሥቶ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ መሬት እንዴት ይለካል ሲል ተናገረ። የደገፈው የለም፤ ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ፈጠነች ችካሉን ነቅላ እሳት ውስጥ ከተተችው። ጠዋት ፖሊሶች ሻንቆን ከቤቱ ወሰዱት።

በእኔ ጦስ ነው ብላ አሰበች። እህል አልወርድላት አለ። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡ እያለች ትደነግጣለች። ልጇ ሶልያና አስተማሪ ናት፤ እንጀራዬን ታስቆርጪኛለሽ፣ ዝም በይ ብላ ለመነቻት። ፈጠነች ግን ሰንበት ሲያልፍ ነጠላዋን ለብሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሻንቆ አያውቅም።»

መኮንኑ ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ አስፈራት።

«የምን ችካል ነው እናቴ? እሱ የተያዘው በሌላ ነው። ቤትዎ ይግቡ፣ እዚህ መምጣትዎንም ለሰው አያውሩ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት።

«ስምዎን ማን አሉኝ?»

ነገረችው። አልጻፈውም፤ ቀስ ብሎ በአፉ ደገመው እንጂ።

ሻንቆ ክረምቱ ሲገባ ተፈታ። ፖሊሶቹ ምን እንዳሉት ለሚስቱም አልነገረም፤ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ ድምፁ አልተሰማም። የደገፉን አጽም እድርተኛው ዶዘሩ ሳይደርስ አውጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሳረፈው። እንሰቱ በነበረበት አሁን ባጃጅ ይመላለሳል፤ ሰፈሩም ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ፈጠነችን ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። ከዓመታት በኋላም ግን መኪና አጥሯ ጋ ቀስ ካለ፣ እስኪያልፍ ድረስ ወሬዋን ታቋርጥ ነበር።